እራት ሳይበሉ ያደሩ ሰው የጠዋት ስኳራቸው ለምን ይጨምራል?

ጠያቂያችን፣ የአባትዎ የደም ስኳር ማታ ሲተኙ 140 የነበረ ቢሆንም፣ እራት ሳይበሉ አድረው ጠዋት ሲለኩ 185 ሆኖ መገኘቱ ግራ እንዳጋባዎ ጽፈዋል። ከእኔ በፊት ከመለሱት አንዳንዶቹ «ተደብቀው በልተው ይሆናል» ማለታቸው አባትዎን ያለ በደላቸው መውቀስ ይመስለኛል። በስኳር ሕሙማን ክትትል ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ያ ስኳር የሚመጣው ከታካሚው ከራሱ ጉበት ነው።

ጉበት ስኳር እንዲለቅ ከሚያዝዙት ሆርሞኖች ዋነኛው ግሉካጎን ነው። በቆሽት ውስጥ ተበታትነው በሚገኙት የላንገርሃንስ ደሴቶች በተባሉ የሕዋሳት ስብስቦች ውስጥ፣ ቤታ ሕዋሳት የደም ስኳርን የሚቀንሰውን ኢንሱሊንን፣ አልፋ ሕዋሳት ደግሞ ግሉካጎንን ያመነጫሉ። ከቆሽት የሚወጣው ደም ወደ ቀረው ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት በጉበት ስለሚያልፍ፣ ሁለቱም ሆርሞኖች አስቀድመው የሚደርሱት እዚያው ነው።

ጉበት ከምግብ የተረፈውን ግሉኮስ (በደም ውስጥ የሚገኘውን ስኳር) ግላይኮጅን ወደሚባል ክምችት ለውጦ እንደ ጎተራ ያከማቻል፤ መጠኑ በአዋቂ ሰው 100 ግራም ገደማ ይደርሳል። የደም ስኳር ሲቀንስ ግሉካጎን በጉበት ሕዋስ ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይጣበቃል፤ በሕዋሱ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክተኛ ይበዛል፤ እሱም ኢንዛይሞችን (ኬሚካዊ ለውጦችን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖችን) በየተራ ቀስቅሶ በመጨረሻ ግላይኮጅንን የሚሰባብረውን ፎስፎሪሌዝን ሥራ ያስጀምራል፣ ግላይኮጅን የሚሠራውን ኢንዛይም ደግሞ ያስቆማል። (ይህን መልእክተኛ ያገኘው አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ ነው፤ አድሬናሊንና ግሉካጎን በጉበት ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ሲመረምር የደረሰበት ሲሆን፣ በሆርሞኖች አሠራር ላይ ላደረገው ምርምር በ1971 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።) በጡንቻዎች ውስጥ የተከማቸው ግላይኮጅን በድምሩ ከጉበቱ ቢበልጥም፣ ጡንቻ ግሉኮስን ወደ ደም ለመልቀቅ የሚያስፈልገው ኢንዛይም ስለሌለው ለራሱ ብቻ ይጠቀምበታል።

ሳይበሉ የሚቆዩበት ጊዜ በረዘመ መጠን ግላይኮጅኑ እየተመናመነ ይሄዳል፤ ጉበት ግን እንደ ላክቴት፣ ግሊሰሮልና አሚኖ አሲዶች ካሉ ስኳር ካልሆኑ ነገሮች አዲስ ግሉኮስ መሥራት ይችላል፤ ይህንንም ሥራ ግሉካጎን ያበረታታዋል። አባትዎ እራት በመተዋቸው ብቻ የጠዋቱ ቁጥር ያልወረደው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሁሉ በጤነኛ ሰው ላይም ሌሊቱን በሙሉ ይካሄዳል፤ ባይሆን ኖሮ አንጎላችን እስኪነጋ የሚጠቀምበት ስኳር ባላገኘ ነበር። ልዩነቱ፣ በጤነኛው ሰው የደም ስኳር ከፍ ሲል ኢንሱሊን ይጨምርና አልፋ ሕዋሳትንም ጉበትንም ይገታል። በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ግን ይህ ቁጥጥር ይላላል፤ በደም ውስጥ በቂ ስኳር እያለ ግሉካጎን እንደሚገባው አይቀንስም፣ ጉበትም ለኢንሱሊን ትእዛዝ በሚገባ አይታዘዝም። ወደ ንጋት ላይ ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ሲጨመሩበት ቁጥሩ የበለጠ ይወጣል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት በዋናነት የሚሠራው ይህንኑ የጉበት ምርት በመቀነስ ነው።

ስለዚህ አባትዎ እራት መተዋቸውን እንዲያቆሙ እመክራለሁ፤ በተለይ ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ፣ ሳይበሉ ማደር ስኳራቸውን በሌሊት አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርደው ይችላል። ባዶ ሆድ ላይ ጠላ ወይም አረቄ መጠጣት አደጋውን ያብሰዋል፤ አልኮል ጉበት አዲስ ግሉኮስ እንዳይሠራ ያደናቅፋልና።

ለጥቂት ቀናት ሲተኙ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማና ጠዋት ለክተው ውጤቱን ይመዝግቡላቸው። የዘጠኝ ሰዓቱ ቁጥር ዝቅተኛ ሆኖ ከተገኘ ችግሩ የመድኃኒቱ መብዛት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪማቸው ሳያዩት መጠኑ እንዳይጨመር፤ ሌሊቱንም ከፍ ብሎ የሚያድር ከሆነ ግን ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚያስተካክለው በዚሁ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ነው።