ጀንታማይሲን እየተወጋሁ ግራይንደር ልያዝ?

ጥያቄ፦ ምን አለሽ ተራ ብረት ቤት ነው የምሠራው። ለኢንፌክሽን ጀንታማይሲን ታዞልኝ ጠዋት ተወግቼ ከሰዓት ሥራ እገባለሁ። ማታ ጆሮዬ ይጮህብኛል። መድኃኒቱ ነው ወይስ ጫጫታው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ መገናኘታቸው ነው። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል፣ ድምፅ የሚቀበሉ ሴሎች አሉ። ድምፅ ሲመታቸው ጫፋቸው ላይ ያሉ ጠባብ በሮች ይከፈታሉ። ጀንታማይሲንም በዋናነት የሚገባው በነዚሁ በሮች ነው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ኃይለኛ ጫጫታ ወደ ሴሎቹ የሚገባውን መድኃኒት ሲጨምር ታይቷል። አንዴ ከገባ ቶሎ አይወጣም፤ ጉዳቱ መርፌው ካለቀ በኋላም ሊቀጥል ይችላል። የሞተ ሴል ደግሞ በሰው ጆሮ አይተካም። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ስለሆነ፣ ሰው ሲያወራ ስለሰሙ ብቻ ደህና ነኝ አይበሉ።

መርፌውን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ፣ አደራ! ችላ የተባለ ኢንፌክሽን ሕይወት ያጠፋል። ዛሬውኑ ላዘዘልዎ ሐኪም የጆሮዎን ጩኸት ይንገሩ። የመስማትና የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። በእናትዎ ወገን በእንዲህ ያለ መርፌ መስማት ያቆመ ሰው ካለም አይደብቁ። ከግራይንደሩ ለጊዜው ይራቁ፤ ጆሮ ውስጥ ጥጥ መጎሰር በቂ መከላከያ አይደለም።