መልስ፦ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ያለው አንጋፋ ይቀየር ወይ?

ወንድሜ፣ ስለ ቤዝቦል ቡድናችሁ «ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋቻችን 36 ሞላው፤ ግን ዱላው (ኳስ መምታቱ) ገና አልደከመም፣ ታዲያ ለምን ይቀየር ይላሉ?» ብለሃል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዱላውን ሳይሆን ክንዱን ነው። ከሦስተኛው ቤዝ (ሯጮች ከሚረግጧቸው ማረፊያዎች ሦስተኛው) እስከ አንደኛው 39 ሜትር ያህል ይርቃል። መሬት ለመሬት የምትምዘገዘገዋን ኳስ ጎንበስ ብሎ ይዞ፣ ኳሷን የመታው ሯጭ አንደኛው ቤዝ ሳይደርስ ቀና ብሎ እዚያ ድረስ መወርወር አለበት። ውርወራው አንደኛው ቤዝ ሳይደርስ መሬት እየነካ ከሆነ ጊዜው ደርሷል።

መቀየር ማለት ግን ማባረር አይደለም። የአሜሪካውን ክለብ የዋሽንግተን ናሽናልስን ሦስተኛ ቤዝ ተጫዋች ራያን ዚመርማንን አስታውስ። ትከሻው ታሞ ውርወራው ሲበላሽበት ክለቡ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ግራ ሜዳ፣ በ2015 ደግሞ ወደ አንደኛ ቤዝ አዛወረው፤ ሦስተኛውን አንተኒ ሬንዶን ያዘ። በ2019 የወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ፍጻሜ) የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ ያ «አበቃለት» የተባለ ሰው በ35 ዓመቱ የሂውስተኑ ጌሪት ኮል የወረወረለትን ኳስ በመሀል ሜዳ አጥር አሻግሮ ላካት። ዋንጫውም የዋሽንግተን ሆነ። ያቺን ምት ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል።

ለ16 ተከታታይ ዓመታት የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይነት ሽልማት) የተሸለመው የባልቲሞሩ ብሩክስ ሮቢንሰን እንኳ በ1976 ቦታውን ለወጣቱ ዳግ ዲሲንሴስ ለቋል።

ስለዚህ ወጣቱን ከአሁኑ በሳምንት ሁለት ሦስት ጨዋታ አስገቡት፤ አንጋፋውን አንደኛ ቤዝ አለማምዱት። ውሳኔውን ግን ከጋዜጣ ሳይሆን ከአሰልጣኙ አፍ ይስማ።