ሐኪም ለመሆን ባዮሎጂ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ስሆን ሕክምና ማጥናት እመኛለሁ። አጎቴ ያገለገለ የአናቶሚ መጽሐፍ ስለገዛልኝ እሱንና ባዮሎጂን ብቻ አነባለሁ፤ ታላቅ እኅቴ ግን ተሳስተሻል ትለኛለች። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ እኅትሽ ልክ ናት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ በቀጥታ ሕክምና አይጀምርም፤ በመጀመሪያ የፍሬሽማን (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ) ዓመቱን ከሌሎች የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ጋር ይማራል፤ በኋላ ወደ ትምህርት ክፍሎች በሚደረገው ምደባም የዚያ ዓመት ውጤት ከፍተኛ ድርሻ አለው። በፍሬሽማን ደግሞ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ፊዚክስ ይጠብቁሻል። ብዙዎች ሎጂክን «ተራ ንባብ ነው» ብለው ይንቁትና ፈተናው ሲደርስ ይደነግጣሉ (እኔም ከናቁት አንዱ ነበርኩ)። ስሌቱን ተመልከቺ፦ ኤ 4 ነጥብ፣ ሲ 2 ነጥብ ሲሆን ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት (ክብደት) ይባዛል፤ ስለዚህ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ በኤ ፋንታ ሲ ያገኘ ተማሪ 6 ነጥብ ያጣል፤ በዓመቱ 30 ክሬዲት ወስዷል ብንል፣ አማካይ ውጤቱ በ0.2 ዝቅ ይላል ማለት ነው፤ ብርቱ ፉክክር ባለበት የሕክምና ምደባ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ለጊዜው ግን ከፊትሽ ያለው ብሔራዊ ፈተና ነው። ባዮሎጂ ከሌሎቹ ትምህርቶች አንዱ ብቻ ስለሆነ፣ የሸሸሻቸውን የፊዚክስና የሒሳብ ምዕራፎች ከዘጠነኛ ክፍል መጻሕፍት ጀምረሽ ከልሺ፤ የአፕቲትዩድ (የማሰብ ችሎታ መለኪያ) ጥያቄዎችንም ሰዓት ይዘሽ ተለማመጂ። የአጎትሽ መጽሐፍ ሳጥን ውስጥ ይቆይልሽ፤ የሚፈለግበት ጊዜ ገና ነው።