«የድብርት ጂን» አለብኝ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ሴሮቶኒን (ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) እና ስለ ዘር ናቸው። አራቱን እነሆ።

ጥያቄ፦ የጂን ምርመራ አድርጌ «አጭሩ የሴሮቶኒን ጂን አለህ» ተባልኩ። ድብርት ይይዘኛል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይህ ጂን 17ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ነርቮች የለቀቁትን ሴሮቶኒን መልሶ የሚሰበስበው ፕሮቲን የሚሠራው በእሱ ትእዛዝ ነው። የጂኑ መቆጣጠሪያ ክፍል አንዳንዱ ሰው ላይ ረጅም፣ ሌላው ላይ አጭር ነው። በላቦራቶሪ እንደታየው አጭሩ ፕሮቲኑን ቀነስ አድርጎ ያመርታል።

ግርግሩ የተነሳው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። በኒውዚላንዷ ዱኒዲን ከልጅነታቸው ጀምሮ ክትትል ሲደረግላቸው የኖሩ 847 ወጣቶች ተጠኑ። አጭሩ ያላቸው ሰዎች መከራ ሲደራረብባቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ለድብርት ይጋለጣሉ ተባለ። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። ሌሎች ሲደግሙት ግን አንዱ አዎ፣ ሌላው የለም እያለ ዓመታት ነጎዱ። በ2019 ይህንን ጨምሮ ከድብርት ጋር ሲያያዙ የኖሩ 18 ዝነኛ ጂኖች በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች መረጃ ተፈተሹ። በዘፈቀደ ከተመረጡ ጂኖች የሚሻሉበት ነገር አልተገኘም። እኔን ከጠየቅከኝ፣ የሚያሳዝነው ለምርመራው ያወጣኸው ገንዘብ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴም እህቴም ታመዋል። ታዲያ በዘር አይመጣም?

መልስ፦ በከፊል ይመጣል። የመንታ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የተጋላጭነት ልዩነት 37 በመቶ ያህሉን ከዘር ጋር ያያይዙታል። ይህ ማለት ግን አንቺ የመታመም ዕድልሽ 37 በመቶ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ደግሞም አንድ ጥፋተኛ ጂን የለም። በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት 102 የዘረመል ልዩነቶችን ለይቷል። የእያንዳንዳቸው ድርሻ ኢምንት ነው።

ጥያቄ፦ ድብርት የሴሮቶኒን እጥረት ካልሆነ፣ ሴሮቶኒን ላይ የሚሠራውን የድብርት ኪኒን ለምን እውጣለሁ?

መልስ፦ ራስ ምታትም የፓራሲታሞል እጥረት አይደለም። ኪኒኑ ያንኑ ሰብሳቢ ፕሮቲን በሰዓታት ውስጥ ያግደዋል፤ ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩ የጎደለ የመሙላት ጉዳይ ብቻ አይመስልም። ብቻ በራስህ ጊዜ እንዳታቋርጠው። ድንገት ሲቆም ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ሊያመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ የጂን ምርመራ ከንቱ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ ለመድኃኒት መጠን ሊጠቅም ይችላል። ሲዋይፒ2ሲ19 የሚባለው ጂን ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይወስናል። ለምሳሌ ሲታሎፕራም የተባለውን የድብርት መድኃኒት ሰውነቱ ቀስ ብሎ ለሚያስወግድ ሰው የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በቀን ከ20 ሚሊግራም በላይ አይመክርም። ውጤቱን ለሐኪምህ አሳየው።