የጠያቂዎች ገጽ፦ አንበሳ ያለበት ሽልንግ፣ ጊዮርጊስ ያለበት ወርቅና ሌሎች የእንግሊዝ ሳንቲሞች

ስለ ድሮ የእንግሊዝ ሳንቲሞች ጥያቄ ላኩልን ብለን ነበር። ከጅማ ብቻ የመጣው ገጹን ስለሞላው ይህ እትም ለጅማ ሆኗል። ዓመቶቹ ሁሉ ሳንቲሞቹ ላይ እንደተጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአያታችን ሣጥን አንድ የወተት ጣሳ ሙሉ የእንግሊዝ ሳንቲም አገኘን። አብዛኛው በአንድ ወገን አንበሳና ከኋላው ተራራ፣ በሌላው ወገን የንጉሥ ራስ አለበት፤ 1942፣ 1944፣ 1946 ይላል። መሃላቸው የተበሱም አሉ። አንድ ብር ሠሪ «ብርነቱ ቀጭን ነው» ብሎ ትንሽ ዋጋ ሰጠን። የእንግሊዝ ብር ንጹሕ ነው ሲባል ነበር የምንሰማው። ሊያታልለን ነው ወይ?
ከሄርማታ

መልስ፦ ብር ሠሪው እውነቱን ነው የነገራችሁ። በእጃችሁ ያለው እንግሊዝ አገር ውስጥ ይሠራበት የነበረው ሽልንግ አይደለም፤ እንግሊዞች ለኬንያ፣ ለኡጋንዳና ለታንጋኒካ ያወጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነው። በ1941 ጣሊያንን ለማስወጣት የመጣው የእንግሊዝ ጦር ይዞት ገባ። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ 1 ብር በ2 ሽልንግ ታስቦ ተመነዘረ። ሃምሳ ሳንቲምንም ሽልንግ የሚሉ ሰዎች ስላሉ፣ አንድ ሰው «የድሮ ሽልንግ አለኝ» ቢላችሁ ዓይናችሁ ሳያየው ዋጋ አትነጋገሩ።

እስከ 1946 የተመታው የአንበሳ ሽልንግ 7.78 ግራም ይመዝናል፤ ብሩ ሩብ ብቻ ነው፣ 1.95 ግራም ገደማ። ከ1948 ወዲህ ያለው ጭራሽ ብር የለበትም፣ መዳብና ኒኬል ነው። አንድ ጠገራ (የማሪያ ቴሬዛ ብር) 23.4 ግራም ንጹሕ ብር ስላለው አሥራ ሁለት አንበሳ ተሰብስቦ አንድ ጠገራ ያክላል። ብር ሠሪ የሚገዛው ሊያቀልጠው ነውና ሂሳቡ ከዚህ አይወጣም። ሰብሳቢ ግን የሚከፍለው ለመልኩ ነው፤ የንጉሡ ፀጉርና የአንበሳው ጎፈር ያልተበላበትን ለይታችሁ አስቀምጡ፣ የቀረውን እንደወደዳችሁ።

ከጣሳው ውስጥ እውነተኛው የእንግሊዝ ሽልንግ ሊኖር ስለሚችል አንድ በአንድ ተመልከቱ። እሱም ከ1902 ወዲህ አንበሳ አለበት፣ ግን አንበሳው ዘውድ ላይ ነው የቆመው እንጂ ተራራ የለውም። መጠኑም ያንሳል፦ የምሥራቅ አፍሪካው ወደ 28 ሚሊሜትር ሲሰፋ የእንግሊዙ 23.6 ሚሊሜትር ነው፣ ክብደቱም 5.66 ግራም። የእንግሊዝን ብር በዓመቱ ነው የምትለዩት። እስከ 1919 ያለው ከመቶ 92.5 ብር ነው። ከ1920 እስከ 1946 ግማሽ በግማሽ ሆነ፤ የዚያ ዘመን ሳንቲም ሲበላ የንጉሡ ጉንጭና ቅንድብ ላይ ቢጫ ነገር ብቅ የሚለው ለዚህ ነው። ከ1947 ወዲህ ለመገበያያ የወጣው ብር የለበትም። «የእንግሊዝ ብር ንጹሕ ነው» የሚለው ወሬ የመጣው ከመጀመሪያዎቹ ነው።

የተበሱት ደግሞ ሲመቱም ቀዳዳ የነበራቸው የ1፣ የ5 እና የ10 ሳንቲም ነሐሶች ናቸው። ቀዳዳው ልክ መሃል ላይ ከሆነና ጠርዙ ከተስተካከለ የፋብሪካ ነው፤ በ5 እና በ10 ሳንቲሙ ላይ ግራና ቀኝ የዝሆን ጥርስ ታያላችሁ። ወደ ዳር የተጠጋና ጠርዙ የተገነጠለ ቀዳዳ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰብሳቢ አይፈልገውም።

ጥያቄ፦ ለንደን የምትኖር እህቴ «ኒው ፔንስ» የሚል ባለ 2 ፔንስ ላከችልኝ። በቲክቶክ ብዙ ሺህ ፓውንድ ያወጣል ይላሉ። ዓመቱ 1971 ነው። የቸርችል ምስል ያለበት ትልቅ ሳንቲምም አለኝ፣ 1965 ይላል።
ከአጂፕ

መልስ፦ ሁለቱም ለመታሰቢያ ይሁኑዎት። ከ1971 እስከ 1981 የወጣው ባለ 2 ፔንስ ሁሉ «ኒው ፔንስ» ይላል፤ ከ1982 ጀምሮ «ቱ ፔንስ» ሆነ። ዋጋ ያለው 1983 ተብሎ ሳለ በስሕተት «ኒው ፔንስ» የሚለው ነው፤ እሱም ለሰብሳቢዎች ከተዘጋጁ እሽጎች ውስጥ እንጂ ከኪስ አይገኝም። ቪዲዮዎቹ ዓመቱን አይነግሯችሁም፣ ሥራቸው ያ ነው። የቸርችሉም መዳብና ኒኬል ነው፤ ከ19 ሚሊዮን በላይ ተመቷል።

ጥያቄ፦ ጊዮርጊስ ያለበት የእንግሊዝ ወርቅ ልገዛ ነው። ሻጩ 1911 ነው ይላል፣ በሚዛን 7.9 መጣ። ወርቅ ሠሪ ዘንድ ወስጄ በድንጋይ ላስፈትነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?
የቡና ነጋዴ፣ ከመንደራ

መልስ፦ ድንጋዩ ይቆይዎት። መፈተኛ ድንጋይ ላይ የታሸ ሳንቲም ዳሩ ይላጫል፤ አሲድ ከነካው ደግሞ ጠባሳው አይለቅም። በዚያ ላይ ድንጋዩ የሚነግርዎት ስለ ላይኛው ቆዳ ብቻ ነው።

ሶቨሪን የሚባለው ይህ የወርቅ ፓውንድ 22 ካራት ነው፤ ሲወጣ 7.988 ግራም፣ ስፋቱ 22.05 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 1.52 ሚሊሜትር። በእንግሊዝ ሕግ ከ7.94 ግራም ትንሽ ዝቅ ካለ ተበልቷል ተብሎ ከገበያ ይወጣ ነበር። ስለዚህ «7.9» የሚል ባለ አንድ ቤት ሚዛን አይበቃዎትም፤ 0.01 ግራም የሚያነብ ይፈልጉ። የወርቅ ሱቆች አላቸው። ቀጥሎ ስፋትና ውፍረት የሚለካው ካሊፐር ነው። ወርቅ ከባድ ስለሆነ በነሐስ የሠራ ሰው ክብደቱን ለማሟላት ወይ ማወፈር ወይ ማስፋት አለበት። ክብደቱም፣ ስፋቱም፣ ውፍረቱም አንድ ላይ ልክ ከመጡ ግማሽ መንገድ ሄደዋል።

የቀረው ግማሽ የውኃ ፈተና ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ስኒ ውኃ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ወደ ዜሮ ይመልሱት። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረው ሙሉ በሙሉ ውኃው ውስጥ ያንጠልጥሉ፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። አረፋ ከያዘ አውጥተው እንደገና ያጥልቁት፣ አረፋ ቁጥሩን ያሳድጋል። ሚዛኑ አሁን የሚያሳየው የተገፋውን ውኃ ክብደት ነው። 22 ካራት ሶቨሪን 0.45 ወይም 0.46 ያነባል። እርሳስ ያለበት 0.70 አካባቢ፣ ነሐስ 0.90 እና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ክብደቱን በዚህ ቁጥር ያካፍሉ፤ 17.5 አካባቢ ካልመጣ ሻጩን አመስግነው ይሂዱ።

ከወርቅ የተሠራ ሐሰተኛም እንዳለ ይወቁ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ቤይሩት አካባቢ በርካታ ተሠርተዋል፤ እነዚህ ውኃውን ሊያልፉ ይችላሉ። ስለዚህ 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይያዙ። የሳንቲሙ ጊዮርጊስ እንደኛ ሥዕል ጦር ሳይሆን አጭር ሰይፍ ነው የያዘው፣ ራቁቱን ሆኖ ቆብ ደፍቷል። የጣቶቹን መለያየት፣ የፈረሱን ዓይን፣ የዘንዶውን ክንፍ መስመሮች ይመልከቱ፤ ሐሰተኛው እነዚህ ላይ ሳሙና እንደነካው ይለሰልሳል። ከዓመቱ በስተቀኝ፣ ዳሩ ላይ፣ የቀራጩ የቤኔዴቶ ፒስትሩቺ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች ቢ እና ፒ በጣም ደቃቅ ሆነው አሉ። ምስል በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ እንደ ብጉር ያበጡ ነጥቦች ካሉም ይጠርጥሩ።

ከዚያ ዓመቱን ከመምቻ ቤቱ ምልክት ጋር ያስተያዩ። ፈረሱ ከቆመበት መሬት ላይ፣ ከዓመቱ ቁጥር በላይ፣ ደቃቅ የላቲን ፊደል ካለ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ደቡብ አፍሪካ ወይም ቦምቤይ የተመታ ነው። ምንም ከሌለ ለንደን ነው። ለንደን ደግሞ ከ1918 እስከ 1924 የሚል ዓመት ያለው ሶቨሪን አላወጣም፤ በእነዚህ ዓመታት ፊደል የሌለው ከመጣልዎ ሚዛን ማውጣትም አያስፈልግም። የእርስዎ 1911 ፊደል ባይኖረውም ችግር የለም፤ በሌላው ወገን ያለው ራስ ግን ጺማም ሆኖ ወደ ግራ የሚያይ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ መሆን አለበት።

ስለ ዋጋው፦ ውስጡ ያለው ንጹሕ ወርቅ 7.32 ግራም ነው። በዕለቱ የ24 ካራት ዋጋ ያባዙትና ከዚያ ብዙ የሚያልፍ ጥያቄ ሲቀርብ ምክንያቱን ይጠይቁ። 1911 የተለመደ ዓመት ስለሆነ «ብርቅ ነው» የሚለው ጭማሪ አይሠራም። ማንጠልጠያ የተበየደበት ከሆነ ግን በወርቅነቱ ብቻ ይግዙት።

ጥያቄ፦ የአባቴን ትልልቅ የመዳብ ሳንቲሞች በሎሚና በአመድ አሸኋቸው። አሁን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሮዝ ሆነዋል፣ አንዳንዱም በክረምት አረንጓዴ ነገር አወጣ። ምን ላድርግ?
ከጅሬን

መልስ፦ ሮዙ አይመለስም። ነሐስ በመቶ ዓመት ያበጀውን ቡናማ ቆዳ ሎሚው በላው፣ አመዱ ፋቀው። እንደገና ለማጥቆር አይሞክሩ፤ በቀለም የጠቆረን ሰብሳቢ በአንድ እይታ ያውቀዋል። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው፣ በለስላሳ ጨርቅ ሳያሹ አትመው፣ በደንብ አድርቀው ይተዉት።

አረንጓዴው ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራና ለስላሳ ሆኖ ከሳንቲሙ ጋር የተዋሃደ ከሆነ አይነካም። ዱቄት መሳይ፣ በእንጨት ጫፍ ሲነካ የሚረግፍ ከሆነ እየበላው ነው፤ ከሌሎቹ ይለዩት። የሚያጣብቅ አረንጓዴ ካዩ ደግሞ ጥፋተኛው ላስቲኩ ነው። የመታወቂያ ማስቀመጫ ዓይነት ለስላሳና ሽታ ያለው ላስቲክ ከጊዜ በኋላ አሲድ ይለቃል። ይህን ንጹሕ አሴቶን ያነሳዋል፤ አየር ባለበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀው፣ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ዘፍዝፈው ያውጡት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ዘይትና ሽቶ አለበት። ለማለቅለቂያ የተጣራ ውኃ ከመድኃኒት ቤት ይግዙ። ከመኪና ዕቃ ሱቅ «የባትሪ ውኃ» ሲሉ አሲዱን ሊሰጡዎት ይችላሉ።

የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ቁም ሣጥን ብቻውን አይበቃም። ሳንቲሞቹን የካርቶን ፍሬም ውስጥ አድርገው ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያኑሩ፤ ከጫማና ከመድኃኒት ካርቶን የሚወጣውን የእርጥበት መጣጭ ከረጢት አምስት ስድስት ያህል ይጨምሩ፣ በየጊዜው ይቀይሩ። ላስቲክ ማሰሪያና ጋዜጣ አያስጠጉ፤ ድኝ ስላለባቸው ብርን ያጠቁራሉ። ሳንቲም በዳርና በዳሩ ይያዝ፣ የጣት ላብ ራሱ ያትማል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ገንዘቤ ትንሽ ነው። ከየት ልጀምር?
ከጅማ ዩኒቨርሲቲ

መልስ፦ ከትልቁ ፔኒ ጀምር። 9.45 ግራም ነሐስ፣ 31 ሚሊሜትር ገደማ፣ አንድ ወገን ባለ ሦስት ጣት ጦርና ጋሻ ይዛ የተቀመጠች ብሪታኒያ፣ የእንግሊዝ ምሳሌ የሆነችው ሴት። ከ1860 እስከ 1970 መጠኑ አልተለወጠም፤ የተለመዱት ዓመታት ከአንድ ፓውንድ በታች ይሸጣሉ። በመጀመሪያ ከ1937 እስከ 1967 ያለውን ሰንሰለት ሙላ። የሚያስቸግሩህ 1950 እና 1951 ይሆናሉ፤ 240,000 እና 120,000 ብቻ ነው የተመቱት። 1954ን ከዝርዝርህ ሰርዝ፤ የሚታወቀው አንድ ብቻ ነው። 1967 ግን እስከሚሰለችህ ታገኛለህ።

ወደ ኋላ ስትሄድ 1912፣ 1918 እና 1919 ላይ ከዓመቱ በስተግራ ደቃቅ ፊደል ፈልግ። አንድ ፊደል ካለ ሂተን የተባለው የበርሚንግሃም መምቻ ቤት፣ ሁለት ካሉ ኪንግስ ኖርተን የተባለው መምቻ ቤት የመቷቸው ናቸው፤ የኋለኞቹ ያንሳሉ፣ ዋጋቸውም ይጨምራል። ሻጭ ሳያያቸው የሚያልፋቸው እነዚህን ነው፤ ሰብሳቢ በዕውቀቱ የሚያተርፍበት ቦታም እዚህ ነው። 1933 የሚል ፔኒ ከቀረበልህ የመጨረሻውን 3 በማጉያ እይ። የሚታወቁት እውነተኞች ሰባት ገደማ ሲሆኑ፣ ከ1935 ወይም ከ1938 ተፍቀው የተሠሩት ግን ስፍር ቁጥር የላቸውም።

ዋጋ ስታይ ሻጮች የጠየቁትን ሳይሆን የተሸጠበትን ተመልከት፤ ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚለይ ምርጫ አለ። ዓመትና ዓይነት ለመለየት ኑሚስታ የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ያገለግላል። «አልጸዳም» የሚል ቃልና በሰያፍ ብርሃን የተነሳ የሁለቱም ወገን ፎቶ ከሌለ አትግዛ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለህ ወደ እሱ አስልክ፤ ለአንድ ፓውንድ ሳንቲም አሥር ፓውንድ ፖስታ መክፈል ትርፍ የለውም።

ጥያቄ፦ ጠገራ ብር እንግሊዝ አገርም ተመቷል ይባላል። እውነት ነው?
ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ እውነት ነው። ጣሊያን በ1935 መምቻውን ከቪየና ስትወስድ እንግሊዞች በ1936 ለንደን ውስጥ መምታት ጀመሩ፣ እስከ 1961 ቀጠሉ፤ ቦምቤይና በርሚንግሃምም ተመቷል። ዓመቱ ሁሉም ላይ 1780 ስለሆነ የሚለዩት በማሪያ ቴሬዛ ትከሻ ጌጥ እንቁዎችና በሌላው ወገን ባለው ንስር የጅራት ላባ ነው። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ። ዳሩ ላይ በላቲን የተጻፈ ቃልና ጌጥ ዙሪያውን መኖር አለበት፤ ዳሩ ልሙጥ የሆነ ወይም ዳሩ ላይ የመጋጠሚያ መስመር የሚታይበት በአፈር ቅርጽ የፈሰሰ ነው። ጆሮ ተበይዶለት የነበረ ጠገራ ደግሞ ጆሮው ቢነሳም ከላይ በኩል የብየዳው ግራጫ ጠባሳ ይቀራል፤ እዚያ ቦታ ላይ አውራ ጣት አድርጎ የሚያሳይ ሻጭ ካጋጠመዎት እጁን እንዲያነሳ ይጠይቁት።