ሰፊ ነጠላ ጎማ ወይስ ጥንድ? የከባድ መኪና ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። የምኖረው ገላን ነው። አንድ ሳቢ መኪና አለኝ፤ ከጅቡቲ ማዳበሪያና ስንዴ እንጭናለን። አሁን ተሳቢውን ልቀይር ነው። ሁለት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ ከአውሮፓ የመጣ ያገለገለ ባለ ሦስት አክስል (የጎማ ዘንግ) ነው፤ ስድስት ሰፋፊ ነጠላ ጎማ አለው። ሌላው እዚሁ የተሠራ ሲሆን ጥንድ ጥንድ ሆነው አሥራ ሁለት ጎማ ይገቡለታል። ጎማ ነጋዴው «ነጠላው ነዳጅ ይቆጥብልሃል፣ የጎማ ወጪህንም ይቀንሳል፤ የሳቢውንም የኋላ ጎማ ወደ ነጠላ ቀይረው» ይለኛል። ሹፌሬ ደግሞ «ሚሌ በረሃ ላይ ቢፈነዳ ማን ይደርስልኛል?» ብሎ አሻፈረኝ ብሏል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሹፌርህን ስማ። አንተ በምትጭነው ጭነትና በምትሄድበት መስመር ጥንዱ ነው የሚሻልህ። ምክንያቱ ግን ሹፌርህ ያነሳው ብቻ አይደለም፤ ከሱ የሚበልጥ አለ።

መጀመሪያ ለነጋዴው ፍርድ እንስጠው፤ አልዋሸህም። ጎማ ሲሽከረከር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ በዚያም ይሞቃል፤ ያ ሙቀት ከነዳጅህ የወጣ ጉልበት ነው። ጥንድ ጎማ አራት ጎን አለው፣ ነጠላው ሁለት። ስለዚህ ነጠላው ቀለል ብሎ ይሽከረከራል። ክብደቱም ያነሰ ነው። በብረት ቸርኬ ካሰብነው በሦስት አክስል ላይ ወደ 5 ኩንታል ይቀንስልሃል።

አሜሪካኖቹ ከጥንድ ወደ ነጠላ ጎማ ሲቀይሩ ጥቂት በመቶ ነዳጅ ይቆጥባሉ። 3 በመቶ ነው እንበል። መኪናህ በ100 ኪሎ ሜትር 45 ሊትር ቢበላ፣ ጅቡቲ ደርሶ መልስ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 800 ሊትር ገደማ ትቀዳለህ ማለት ነው፤ 3 በመቶው 24 ሊትር ነው። የዛሬውን ዋጋ አባዛውና ስንት እንደሚመጣ እየው። ግን ልብ በል፣ እነሱ ያንን የሚያገኙት ሳቢውንም ተሳቢውንም ቀይረው፣ በለስላሳ አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነታቸውን ሳይቀንሱ ሰዓታት እየነዱ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ያለውን የፍጥነት መንገድ ትተህ ከአዋሽ ወዲያ ያለውን አስብ፤ አንተ ደግሞ የምትቀይረው ተሳቢውን ብቻ ነው። የቁጠባው ትልቁ ክፍል ይቀርብሃል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፤ ክብደት። የአውሮፓው ተሳቢ ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኘው የጎማ ልክ 385/65 አር 22.5 ነው። ጎኑ ላይ 160 የሚል የሸክም ቁጥር ካለ አንዱ ጎማ የሚችለው 4,500 ኪሎ ነው። አንድ አክስል ሁለት ጎማ፣ 9 ቶን። ያ ተሳቢ ሲሠራ የታሰበለት የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ለሦስቱ አክስል በድምሩ 24 ቶን ነው፣ ለአንዱ 8 ቶን ማለት ነው። የአሜሪካው ከዚያም ያነሰ ነው፤ እዚያ ለሁለት አክስል የተፈቀደው 15.4 ቶን ገደማ ነው። እንግዲህ ስለ ነጠላ ጎማ የምትሰማው ምስጋና ሁሉ በዚህ ክብደት ላይ የተገኘ ነው።

አንተስ? 400 ኩንታል ማዳበሪያ ጫንክ እንበል። ሳቢውና ባዶ ተሳቢው ሲጨመሩበት ድምሩ ወደ 56 ቶን ይጠጋል። የፊት ጎማዎቹና የሳቢው የኋላ አክስሎች ድርሻቸውን ሲወስዱ ለተሳቢው ወደ 29 ቶን ይቀራል፤ ለሦስት ስታካፍለው ለአንዱ አክስል 9.7 ቶን ይደርሳል። ጎማው የሚችለው 9 ነበር። ጎማህ ገና ከወደብ ሲወጣ ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል፣ በዚያ ላይ የአፋር አስፋልት ከሥር ያቃጥለዋል፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለማ ያኛው ጎማ ብቻውን ከ5 ቶን በላይ ሊይዝ ነው። ይህንን ጎማ በዚህ ሁኔታ የሚያፈነዳው ዕድል አይደለም፤ ሒሳቡ ነው።

ጥንዱን ደግሞ እየው። 315/80 አር 22.5 ጎኑ ላይ 156/150 ይላል። ሁለተኛው ቁጥር በጥንድ ሲታሰር የሚችለው ነው፣ 3,350 ኪሎ። አራት ጎማ 13.4 ቶን። ከ9.7 በላይ ብዙ ትርፍ አለህ። ይሄ ትርፍ ግን ተጨማሪ ጫንበት ማለት እንዳልሆነ አደራ። አክስሉም ፍሬኑም የራሳቸው ልክ አላቸው፣ ሞጆም ሚዛን ይጠብቅሃል።

እና ሹፌርህ ያለው። ከጥንዱ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው አክስሉን ከመሬት አንስቶ ይይዘዋል፤ ቀስ ብሎ ዳር ይወጣና ይቀይራል። (በአንዱ ብቻ እስከ ቀጣዩ ከተማ ልግፋ ካለ ግን ከልክለው፤ የሁለቱን ሸክም የያዘው ጎማም ይከተላል።) ነጠላው ሲፈነዳ ቸርኬው አስፋልት ይነካል። ቸርኬው ይጠፋል፣ ቁራጩ የንፋስ ቱቦና ሽቦ ይመታል፣ መኪናው ይጎተታል። ለሊት ገዋኔና ሚሌ መካከል ይሄ ሲደርስ የሚያስከትለውን ለአንተ አልነግርህም። ሹፌሩና ረዳቱ ሰው ናቸው፤ እዚያ መንገድ ዳር ክሪክ ስር ተኝተው የሚያድሩት እነሱ ናቸው። ያንን ልክ ያለው ጎማ በየጎሚስታው ታገኛለህ ወይ? 315 ወይም 12.00 አር 20 ብትል ከቃሊቲ እስከ ሎጊያ የሚያቀብልህ አታጣም። ሰፊውን ግን ራስህ ስኮርት (ትርፍ ጎማ) ይዘህ ካልሄድክ ስልክ ላይ ትቀራለህ።

«የአውሮፓውን ገዝቼ ጥንድ ላስገባበት» እንዳትል። የነጠላ ጎማ አክስል ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት) ወደ ውጭ የወጣ፣ ረጅም ነው። ጥንድ ብታስርበት ጎማው ከሰውነቱ አልፎ ይወጣል። አክስሉ ካልተቀየረ አይሆንም። ተቃራኒውም ያው ነው። የሳቢህን ጥንድ አውጥተህ ነጠላ ልታስር ብትፈልግ ወደ ውጭ የተገፋ ቸርኬ ያስፈልግሃል፣ ሸክሙ ከመሃል ይሸሽና የውጭውን ኩሽኔታ ይበላዋል። ሳቢው ጉልበት የሚያወርደው በእነዚያ ጎማዎች ነው፤ ጭቃና ጠጠር ላይ አራት ጎማ በአክስል የተሻለ ይይዛል። የሳቢውን አትንካ።

ነጠላውን የምመክርበት ሰው የለም ወይ? አለ። ሸክሙ ቀላል የሆነ፣ ለምሳሌ አበባ በማቀዝቀዣ የሚጭን፣ ወይም ብዙ ቦታ ይዞ ብዙ የማይመዝን ዕቃ የሚያመላልስ፣ በአክስል ከ8 ቶን የማያልፍ፣ ሁለት ስኮርት የሚይዝ፣ ጠዋት ጠዋት ንፋስ በመለኪያ የሚለካ። ለሱ የአውሮፓው ተሳቢ ጥሩ ዕቃ ነው። የአንተ ማዳበሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ከቃሊቲ ነው የምጽፈው፣ የጅቡቲን መስመር ዕድሜዬን የነዳሁ ሹፌር ነኝ። ከዚህ ስንወጣ የሞላነው ንፋስ ሚሌ ስንደርስ ጨምሮ እናገኘዋለን። እንዳይፈነዳ ትንሽ እናስተነፍሳለን። አዲሱ ባለንብረት ግን አትንኩት ይለናል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ጋሼ፣ በዚህስ ባለንብረቱ ልክ ነው። ከዚህ በብርድ ጠዋት፣ 12 ዲግሪ ላይ 8.5 ባር (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ቢሞሉ፣ ያው ጎማ 40 ዲግሪ አየር ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይሽከረከር ቢለካ 9.2 ገደማ ያሳያል። ሲነዳ ደግሞ ይጨምራል። ጎማውን የሠሩት ሰዎች ይህንን ጭማሪ ያውቁታል፣ አስበውበታል። ሲያስተነፍሱት ጎኑ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ሲታጠፍ ይበልጥ ይሞቃል፤ የሚያፈነዳውም ይኸው ሙቀት ነው። የመመለሻው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፣ እርስዎ ሚሌ ላይ ያስተነፈሱት ጎማ አዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ሲገባ ጭራሽ ጎድሎ ይገኛል። ከሚገባው 20 በመቶ የጎደለ ጎማ እንደ ተነፈሰ ይቆጠራል። ማስተካከል ካስፈለገ ያደረ ጎማ ላይ፣ ፀሐይ ሳይወጣ ይለኩ። የውስጠኛውንም ጭምር፣ እጅ አይደርስም ተብሎ የሚተወው እሱ ነውና። በመዶሻ መታ አድርጎ ድምፁን መስማት ለመለካት አይበቃም።

ጥያቄ፦ ከሰበታ። ባለቤቴ አሸዋና ጠጠር የሚጭን መኪና አለው፤ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ነኝ። ከጥንዱ የውጭው ጎማ ሲያልቅ እሱን ብቻ አዲስ እንገዛለን፣ የውስጡ አሮጌ ይቆያል። አዲሱ ግን ቶሎ ያልቃል። ለምን?

መልስ፦ እህቴ፣ አዲሱ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ከአሮጌው ይረዝማል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ሸክም የሚይዘው እሱ ነው። አሮጌው ደግሞ እኩል መሽከርከር ስላለበት አስፋልቱ ላይ ይፋቃል። ሁለቱም ከስረው ያልቃሉ። በሜትር ዙሪያቸውን ለኪ፣ ሁለቱም ልካቸው የተሞላ ንፋስ ይኑራቸው። የዙሪያው ልዩነት ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አብረው አይታሰሩ። ከዚያ ካነሰ ትልቁን በውጭ በኩል አድርጉት። አዲስ ስትገዙ ሁለት ግዙና ለአንድ ጥንድ አድርጉት፣ ከየቦታው የተረፉትን አሮጌዎች ደግሞ በልካቸው እያቀናጃችሁ እሰሩ። መኪናው ከካባ ሲወጣ ረዳቱ በጎማዎቹ መሃል የተቀረቀረ ድንጋይ ካለ አይቶ ያውጣ፤ የሁለቱንም ጎን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ በፍጥነት ሲነዳም ተወርውሮ ከኋላ ያለ ሰው ሊመታ ይችላል።