የጦጣ ግልገል አቅፎ ፎቶ የሚያስነሳውን ሥራ ተዪው

ውድ እህቴ፣

ባዮሎጂ ተመርቀሽ ሁለት ሥራ ቀርቦልሻል። አንደኛው በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ የዱር እንስሳት ይዞ እየዞረ ስለ ጥበቃ የሚያስተምር ቡድን ነው። ደመወዙ ደህና ነው፤ አንቺ ትናገሪያለሽ፣ ልጆቹ የጦጣ ግልገል አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ። ሁለተኛው የተጎዱ እንስሳት ማገገሚያ ነው። ክፍያው ያንሳል፣ ሥራው መመገብና ማጽዳት ነው፣ አልፎ አልፎም ጉጉት ወይም እባብ ይዘው ወደ ሕዝብ ይወጣሉ። ቤተሰብሽ ሁለቱንም አልወደደም።

ማገገሚያውን ያዢ።

ያቺ የጦጣ ግልገል ከየት እንደመጣች ጠይቀሻቸዋል? የጦጣ ልጅ እናቷ ላይ ሙጭጭ ብላ ነው የምታድገው። ከዱር ከተያዘች ብዙውን ጊዜ እናቷ ተገድላ ነው። ከፍ ስትል መናከስ ትጀምራለች፤ ያኔ ሌላ ግልገል ይፈለጋል። ትምህርቱም ይገለበጣል። በ2011 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ለሰዎች የቺምፓንዚ ፎቶዎችን አሳይቶ ነበር። አጠገቡ ሰው የቆመበትን ያዩት፣ ቺምፓንዚ በዱር ደህና ቁጥር አለው፣ ቤት ቢያሳድጉትም ደስ ይላል ብለው የማሰብ ዝንባሌያቸው ጨመረ። አንቺ የፈለግሽውን ያህል ብትናገሪ ልጁ ቤቱ ይዞት የሚገባው ፎቶውን ነው።

እንስሳ ይዞ መውጣት ጭራሽ አይገባም አልልም። እባብ ባየ ቁጥር ድንጋይ የሚያነሳ ሰው፣ እባቡ በተረጋጋ ክንድ ላይ ሲሳብ ሲያይ ድንጋዩን ትቶ መጠየቅ ሲጀምር አይቻለሁ። ግን ይህን በደንብ የሚሠራው እንስሳውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጉጉት ስትጨነቅ ላባዋን ከገላዋ ጋር አጣብቃ ትቀጥናለች፣ አፏን ከፍታም ታለከልካለች። ሕዝቡ «እንዴት ታምራለች!» ይላል። ተንከባካቢዋ ግን ንግግሩን አቋርጣ ወደ ሳጥኗ ትመልሳታለች። ይህ ዓይን የሚመጣው ጠዋት ጠዋት ቤቷን ስታጸጂ፣ የበላችውንና የተወችውን ስትመዘግቢ ነው። እኔም አማካሪ ከመሆኔ በፊት ባልዲ ይዤ ነው የጀመርኩት፤ ዛሬም የምሠራበት እውቀት ከዚያ ነው የመጣው።

ማገገሚያውንም ቢሆን ዝም ብለሽ አትግቢ። ወደ ሕዝብ የሚያወጧቸው እንስሳት ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ ናቸው ወይ? ልጆቹ እባብና ኤሊ ከነኩ በኋላ በሳሙና ይታጠባሉ? ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ጤነኛ ከሚመስል ኤሊም ይተላለፋል። ጉጉቷ ከተጨነቀች ፕሮግራሙን የሚሰርዘው ማነው? ለዚህኛው የአንድ ሰው ስም ካልጠሩልሽ ተሰናብተሽ ውጪ።

ሌላም ልጨምር። ፍየሉን አውሬ የሚበላበት ገበሬ አውሬውን ቀርቦ ማየት አላማረውም። ናሚቢያ ያለው የአቦሸማኔ ጥበቃ ፈንድ ከ1994 ጀምሮ ለገበሬዎች መንጋ ጠባቂ ውሻ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ፍየሉ ከተረፈ ገበሬው አቦሸማኔውን ለመግደል ምክንያት አይኖረውም። መንደር ስትሄጂ መጀመሪያ ጆሮሽን ስጪ።

ወላጆችሽ «ዲግሪ ይዘሽ ኩስ ልትጠርጊ ነው?» አሉኝ ብለሻል። የገንዘብ ጭንቀት ቢሆን ኖሮ ስለ ደመወዙ ይጠይቁሽ ነበር። እነሱን ያስጨነቃቸው «ሰው ምን ይላል» ነው። ሰው ደግሞ የቤት ኪራይሽን አይከፍልልሽም። ቤቱ በአንቺ ደመወዝ የሚተዳደር ቢሆን ሌላ ሥራ ይዘሽ ቅዳሜና እሁድ በበጎ ፈቃደኝነት ግቢ እልሽ ነበር፤ ደብዳቤሽ ግን እንደዚያ አይልም።

ሕዝብ ፊት መናገር ያስፈራኛል ላልሽው፣ እንስሳዋን ስታውቂያት ወሬው ራሱ ይመጣል። ማስተርስ ልቀጥል ወይ ላልሽውም፣ ይቆይ፤ ምን መማር እንዳለብሽ ሥራው ይነግርሻል።

ከመፈረምሽ በፊት ግን የቴታነስና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ እንስሳ ቢነክስሽም ማን እንደሚያሳክምሽ ውሉ ላይ አስጽፊ።